ምስጋናው የጠራው አውጫጭኝ

የካቲት አሥራ ስምንት፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ረጅሙ የቅቤ ቅል በነጠላ ጠቅልሎ ታቅፏል፤ አጭሩ የዱቄት ስልቻ ተሸክሟል። ከእኔ ወንበር ፊት ለፊት ቆመው መስኮቱ ጋ ማን ይቀመጥ በሚል ተከራከሩ።

«አንተ ግባ» አለ ረጅሙ።

«አንተ ግባ እንጂ! ገና ቁልቁለቱን ስንጀምር የሚያስመልስህ አንተን አይደል?»

ረጅሙ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቀኝ እጁን ከትከሻው በላይ አነሣና «አንድ ሐሳብ አለኝ» አለ።

«ስብሰባ አይደለም፤ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለው አጭሩ። ረዳቱ ሳቀ። እኔ ግን በእጁ አነሣሥ ሰውየውን አወቅሁት፤ እሱን ሳውቅ ሁለተኛውንም አወቅሁ። ረጅሙ ምስጋናው ነው፤ በአንድ ዘመን የወረዳ ምክር ቤት ተመራጭ ነበር። አጭሩ ዘለቀ ነው፤ ገበሬ። ያኔ፣ ልክ በዚህ የኪዳነ ምሕረት ሰሞን፣ ምስጋናው ዘለቀን ባልሠራው ወንጀል እስር ቤት ሊያስገባው አንድ ሐሙስ ብቻ ቀርቶት ነበር። አውቶቡሱ እስኪሞላ ጊዜ ስለነበረ ወደዚያ ሐሙስ ተመለስኩ።

ከደብረ ታቦር እስከ መካነ ኢየሱስ በጥቂት ብሮች የሚኬድበት፣ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም የሚጠጣበት፣ አንድ ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ሦስት እንቁላል ገዝቶ የሚመለስበት ዘመን ነበር። የጋይንት ገበሬ ካኪ ቁምጣና ካኪ ሸሚዝ ይለብሳል፤ በላዩ ላይ ጋቢ ይጥልበታል፤ እግሩ ላይ ከጎማ የተሠራ በረባሶ፤ ትንሽ የተሻለው ኮንጎ ጫማ። አርብ ገበያ ከተማ ከመንገዱ ዳር ባለችው ሻይ ቤት አንድ ቴፕ ሪከርደር ነበር፤ ካሴቱ ሲያረጅ ዘፋኙ የሚያለቅስ ይመስላል፤ ባለቤቲቱ በእስክሪብቶ አጠንጥና ትመልሰዋለች። ዛሬ ያ ቦታ ሞባይል ይሸጥበታል። ከደጁ የተቀመጡት ልጆች «ኔትወርክ አለ?» ይባባላሉ እንጂ ቴፕ የሚባል ነገር እዚያ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። እኔ ያኔ የዜና ሰው ሆኜ በዞኑ እዞር ነበር። መኪና ስለማይገኝ በጭነት ኢሱዙ፣ ገብስ ወይም ባቄላ ላይ ተቀምጬ እሄዳለሁ። ኢሱዙው የሚመጣው ለዓርብ ገበያ ነው፤ ያመለጠው ሰው ሳምንት ይቆያል። የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ሰው በቅርብ ያወቅሁት መኪና እየጠበቅሁ ነው ማለት እችላለሁ።

ምስጋናው ያን ጊዜ ወጣት ነበር፤ አስተማሪነት ትቶ ለምርጫ የተወዳደረ። ግራጫ ኮት ነበረው፤ ከደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ አይጠፋም። አንደበቱ ርቱዕ ነው። በምርጫው ጊዜ ከገበያ ዳር ድንጋይ ላይ ቆሞ «እንሥራችሁን ከወገባችሁ አወርዳለሁ» ብሎ ነበር፤ ሴቶቹ ለዚያ ቃል እልል አሉለት። ውኃ የሚቀዳው ከገደል ሥር ነበርና። ቀበሌውን በስም አልጠራውም፤ ሰዎቹ አሁንም አሉበት። በአርብ ገበያና በእስቴ መካከል ያለ፣ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ አናቱ ላይ ምንጭ ያለው ደጋ ነው። ከምንጩ እስከ መንደሩ ቧንቧ ይዘረጋል፣ መካከል ላይ የሲሚንቶ ገንዳ ይሠራል፣ ታች ቦኖ ይተከላል ተባለ። ቦዩ የዘለቀን የባቄላ ማሳ ለሁለት ሰንጥቆ አለፈ። ዘለቀ ባቄላው ሳይታጨድ መቆፈሩን በስብሰባ ላይ ተቃወመ፤ ሰሚ አላገኘም።

ምረቃው ረቡዕ ዋለ። እንግዶች በሁለት ላንድ ክሩዘር መጡ። የጾም ቀን በመሆኑ በጉ ቀረ፤ ሽሮና የባቄላ ንፍሮ ቀረበ። አንድ እንግዳ «ቀኑን ማነው የመረጠው?» ብሎ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። ሪባኑ ተቆረጠ፤ ቦኖው ተከፈተ፤ ውኃው በኃይል ወረደ። የመጀመሪያውን እንሥራ የሞላችው እትዬ ዘውዴ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የሚፈራ ሴት። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ፎቶ ተነሡ፤ ጥላ ሳይረዝም ሄዱ።

ሴቶቹ ተሰልፈው መቅዳት ቀጠሉ። ውኃው እየቀጠነ ሄደ። ክር አከለ። ጠብ ጠብ አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆመ። ሁሉም ቦኖውን ያያል። እትዬ ዘውዴ ወገቧን ይዛ፣ «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ ነበር» አለች፤ «የናንተስ ማደሩንም አልቻለ!»

ሳቁ ገና ሳያልቅ ምስጋናው እየሮጠ መጣ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ እጁን አነሣ። «ቧንቧው ተቆርጧል» አለ። «የልማት ጠላት በመካከላችን አለ። ማን እንደሆነም ታውቃላችሁ። ባቄላዬ ተነካ ብሎ ሲፎክር የከረመው ማነው?» ሁለት ሚሊሻዎች ዘለቀን ከቤቱ አምጥተው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ አስቀመጡት። እኔ ስደርስ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ቆፍራችሁ እዩ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ምስጋናው «የመንግሥት ንብረት ነው፤ ያለ ባለሙያ አይነካም» ብሎ መለሰለት። ያን ጊዜ የመንግሥት ንብረት አውድሟል የተባለ ሰው ወረዳ ከወረደ መቼ እንደሚመለስ የሚነግር አልነበረም። የመጀመሪያው እርሻ የሚጀመርበት ወር ነው፤ በሬዎቹን የሚጠምድለት የደረሰ ልጅ የለውም። ሚስቱ ጋቢ ይዛ መጥታ ከበሩ ቆመች፤ ስታለቅስ አላየኋትም፤ «መሬቱን ማን ይረሰው?» ብቻ አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ምስጋናው ዘለቀን በቀጥታ ለፖሊስ ቢሰጠው ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር፤ ግን ፖሊስ ቢመጣ መርማሪ ይመጣል፤ መርማሪ ቢመጣ ይቆፈራል። ስለዚህ ሰው የሚናገርበት እንጂ መሬት የማይቆፈርበት መንገድ መረጠ። በነጋታው ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ሥራ የለም፤ ሕዝቡ ሁሉ ደብር ይመጣል። «አውጫጭኝ ይጠራ» አለ።

አውጫጭኝ ለማያውቅ፦ አንድ በደል ተሠርቶ ሠሪው ሲጠፋ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ይቀመጣል። ነገሩ ሳይወጣ ማንም አይነሣም። እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። በግልጥ መናገር የፈራ ለሽማግሌዎቹ በጆሯቸው ይነግራል፤ እነሱም ስም ሳይጠሩ «ወፍ እንዲህ አለች» ይላሉ። ምስጋናው የተማመነው በወፎቹ ነበር። ያን ምሽት ሁለት ሦስት ቤት ሲገባ ሲወጣ ታይቷል።

የአውጫጭኙ መሪ አያ ተሻገር ነበሩ። በእርሻ የኖሩ፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል የሰማ የሌለ ሽማግሌ። ምስጋናው ሲያነጋግራቸው አጠገባቸው ነበርኩ።

«የሚጠራው መንግሥት ነው ወይስ አንተ?» አሉት።

«እኔ ነኝ፤ በሕዝብ የተመረጥኩት።»

«ጠሪው አንተ ነህ ማለት ነው።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ አልኩ'ኮ፣ አያ።»

«እንግዲያው ቃልህን ያዝ» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ። ያኔ የጠየቁት ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ለምስጋናውም አልገባውም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤት፣ ከዚያ በኋላ በስብሰባ ያሳለፈ ሰው ነው፤ አውጫጭኝ ሲጠራ ያየው በልጅነቱ፣ ከሜዳው ዳር ሆኖ ነው። ከዳር ሆኖ ያየ ደግሞ አጀማመሩን አይሰማም።

ሐሙስ፣ ቅዳሴ እንዳለቀ ወንዶቹ ከደብሩ በታች ባለው ሜዳ፣ ከጽዱ ሥር ተቀመጡ። ሴቶቹ ከወደ ላይ፣ ከቅጥሩ ሥር ሆኑ። ዘለቀ በሁለቱ ሚሊሻዎች መካከል ተቀመጠ። ምስጋናው ግራጫ ኮቱን ለብሶ ነበር። አያ ተሻገር ድንጋይ ላይ፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተቀመጡና ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው ወደተመለሱት የደብሩ መሪጌታ ዘወር አሉ። «መሪጌታ፣ ጧፉን ያብሩልን።»

መሪጌታ ጧፍ አበሩ። አያ ተሻገር ጧፉን ተቀብለው ለምስጋናው ዘረጉለት። «የጠራ መጀመሪያ ይምላል» አሉት። «ሕጉ ነው። አለዚያማ ጠላት ያለው ሁሉ አገር እየጠራ ሰው ያስበላል።»

ምስጋናው ጧፉን አልተቀበለም። «እኔ'ኮ የሕዝብ ተወካይ ነኝ፣ አያ። ቃለ መሐላዬን በምክር ቤት ፈጽሜያለሁ።»

እትዬ ዘውዴ ከቅጥሩ ሥር ጮኸች፦ «የዚያን መሐላ ጧፍ ማነው ያበራው?»

«ዘውዴ፣ ዝም በይ» አሏት አያ ተሻገር፤ ወዲያው ግን ወደ ምስጋናው ዞረው፣ «የዚያኛው ለሾሙህ ነው፤ ይኸኛው ለኛ ነው» አሉት። ምስጋናው ዙሪያውን አየ። ጧፉን ተቀበለ።

መሐላው እንዲህ ነው፦ የሚምለው ሰው የበራውን ጧፍ ይዞ፣ ያየሁትን ሸሽጌ፣ ያላየሁትን ጨምሬ እንደሆነ ይህ ጧፍ እንደሚጠፋ ዘሬን ያጥፋው ይላል፤ እፍ ብሎም ያጠፋዋል። ይኸው ነው። ረጅም አይደለም። ግን በሜዳው ላይ የተቀመጠው ሁሉ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፦ የምስጋናው ሚስት ሁለት ጊዜ አስወርዷት አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ፀንሳለች። ከቅጥሩ ሥር፣ ከእትዬ ዘውዴ አጠገብ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ሆዷ ላይ አድርጋ ባሏን ታየዋለች።

ምስጋናው ጀመረ። ድምፁ እንደ ወትሮው ጥሩ ነበር። «ያየሁትን ሸሽጌ... ያላየሁትን ጨምሬ እንደሆነ... ይህ ጧፍ እንደሚጠፋ...» አለና ቆመ። ከንፈሩን አሾለ፤ ለመንፋት ይመስላል። አልነፋም። ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። ጧፉ እየነደደ ወረደ። ሰሙ በጣቶቹ ላይ ፈሰሰ። ነበልባሉ ጣቱ ጋ ደረሰ፤ አልለቀቀውም።

«ምስጋናው፣ ልጄ» አሉ አያ ተሻገር። «ወይ ንፋው ወይ ተናገር። ጣትህን በላው።»

ምስጋናው አንድ ነገር ተናገረ። አልተሰማም።

«ጮክ በል እንጂ። በምርጫው ጊዜ ድምፅህ እንዲህ አንሶ አያውቅም።»

«ቧንቧው የለም» አለ። «ከገንዳው በላይ ቧንቧ የለም። ከምንጩ እስከ ገንዳው ያለው ቦይ ባዶውን ነው የተደፈነው።»

ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቀው ሁሉንም ተናገረ። የመጣውን ቧንቧ ግማሹን ሸጦ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶበታል። ምክር ቤት ላይ ቆሞ ሥራው አልቋል ብሏል፤ እጅ ወጥቶ ጸድቋል። ምረቃ ይደረግ ሲባል የአገሩ ሰው እንዳያወራ ብሎ ባለ አህዮችን ከስማዳ አመጣ፤ ሌሊት ሌሊት ከወንዙ በጀሪካን እያመላለሱ ገንዳውን ሞሉለት። ለምረቃው የሚበቃ ነበር። ለሴቶቹ ሰልፍ አልበቃም። «ዘለቀ ምንም አላደረገም» አለ በመጨረሻ። «ቦዩ በማሳው ስለሚያልፍ ነው።»

ጧፉ አሁንም እጁ ላይ ነበር። የት እንደሚያደርገው አላወቀም፤ እፍ ቢለው መሐላው ይፈጸማል፤ ቢጥለው የደብር ጧፍ ነው። ዘለቀ ከሁለቱ ሚሊሻዎች መካከል ተነሣ፤ የያዘው የለም። መጥቶ ቁራጩን ከጣቶቹ ላቀቀና ድንጋይ ላይ አጣበቀው። ማንም እፍ አላለውም። ቀልጦ በራሱ እስኪያልቅ ሁሉም ተቀምጦ ጠበቀ፤ ከዚያ በኋላ ነው አያ ተሻገር «ተነሡ» ያሉት።

ይህን ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ብዙ ተመራጭ ሲምል አይቻለሁ። በአዳራሽ፣ በምንጣፍ ላይ፣ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ካሜራ እየቀረጸ። ከእነሱ መካከል በኋላ ፍርድ ቤት የቀረቡትን ዘግቤያለሁ፤ ያልቀረቡትንም አውቃለሁ። ጧፍ ቢሰጣቸው እፍ ብለው የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው፤ ይህን ለመካድ የሚያስችል ማስረጃ የለኝም። ስለዚህ ያን ቀን ሳስብ የማደንቀው አያ ተሻገርን ብቻ አይደለም። «የሚጠራው አንተ ነህ?» ብለው አስቀድመው የጠየቁትን ሽማግሌ አደንቃለሁ፤ የራሱን ክስ ባዶነት አውቆ ጠላቱ ላይ ያልሳቀውን ዘለቀንም። ግን መንፋት ያቃተውንም ሰው አደንቀዋለሁ። ሰርቋል፤ ዋሽቷል፤ ሰው ሊያስበላ ነበር። ያን ሁሉ አድርጎ ያችን አንዲት ትንፋሽ ማውጣት አልቻለም።

በነጋታው ዓርብ ነው። ኢሱዙው ሲያልፍ አልተሳፈርኩም። የገበያ ቀን ሆኖ የዚያ ቀበሌ ወንዶች ገበያ ሳይወጡ ቀሩ። ጠዋት ምስጋናው ቤት መጡ፤ ጣራው ላይ ወጡና ቆርቆሮውን አንድ በአንድ እየነቀሉ አወረዱ። ምስጋናው ራሱ ከታች ሆኖ ይቀበል ነበር፤ የተቃጠለ ጣቱን በጨርቅ አስሮታል፤ ግራጫ ኮቱን አልለበሰም። ሚስቱ ከደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ቆርቆሮው ተጭኖ ሊሸጥና ቧንቧ ሊገዛበት ሄደ። እኔ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ግን ሰዎቹ አልሄዱም። ከየቤታቸው ሣር አመጡ። እርጉዝ ሴት ጣራ በሌለው ቤት አታድርም ብለው በደቦ ሊከድኑላት ነው። እትዬ ዘውዴ ጠላ ይዛ መጣች።

«በይ ስሚኝ፣ ሙሽሪት» አለቻት የምስጋናውን ሚስት፤ «ቆርቆሮ ሲዘንብ ያደነቁራል፤ ልጅ አያስተኛም። ሣሩ ይሻልሻል።» የምስጋናው ሚስት ሳቀች፤ ያን ሁለት ቀን ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ሰው ከጣራው ላይ ሆኖ፣ «ተመራጭ! ሣር አቀብል!» ብሎ ጮኸ፤ ሁሉም ሳቀ፤ ምስጋናውም አንገቱን ደፍቶ ሣሩን አቀበለ። ማገሩ ላይ ሆኖ የሚከድነው ዘለቀ ነበር። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲነጋገሩ አልሰማሁም፤ አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ተከደነ።

ቀሪው በየደረጃው ተፈጸመ። ዜናውን ጻፍኩ። ምክር ቤቱ ምስጋናውን አስወጣው፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ፤ ጥቂት ወራት ታስሮ ተፈታ። ክረምቱ ሳይገባ ቧንቧው ተዘረጋ፤ ሄጄ ከምንጩ እስከ ቦኖው በእግሬ ተከትየዋለሁ። እንግዳ አልተጠራም፤ ሪባንም አልነበረም። አያ ተሻገር ካረፉ ቆይተዋል። እትዬ ዘውዴ አለች፤ ዓይኗ ደክሟል እንጂ ምላሷ እንዳለ ነው አሉ።

ከፊቴ ያሉት ሽማግሌዎች አሁንም አልተስማሙም። ትከሻውን ነካሁትና ምስጋናውን ሰላም አልኩት። ትንሽ አየኝና፣ «ጋዜጠኛው!» አለ። እጁን ጨበጥኩ። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅሁት።

«ደብረ ታቦር። ልጄ እዚያ ነው ያለው፤ ሚስቱ ወለደች። ወንድ ነው አሉ።» ቅሉን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «ለአራሷ ነው።»

«ያኛው ልጅ?» አልኩ። «ያን ጊዜ በሆድ የነበረው?»

«እሱው። ሌላ ማን አለኝ?»

ወደ ዘለቀ ዞርኩ። «አንተስ ከእሱ ጋር ወዴት ነው?»

«እንዴ!» አለ ዘለቀ፣ ስልቻውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ። «የክርስትና ልጄ ወልዶ ቤቴ ልቀመጥ?»

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በስልክ የደብሩን ቄስ ጠይቄ አረጋገጥኩ፤ ልጁን ክርስትና ያነሣው ዘለቀ ነው፤ የጠየቀውም ምስጋናው፣ ከእስር በወጣ ሳምንት ነው። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው የወጣው አራት ሰዓት ሲሆን ነው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ዘለቀ ነበር።